እጣቢው ውስጥ የቀረው ወርቅ

አባቴ ወርቅ ቀቢ ነበር። ወርቅ ሠሪ አላልኩም፤ ቀቢ ነው ያልኩት። ልዩነቱን ለማያውቅ ሰው እሱ ራሱ ወንበር ስቦ፣ ቁጭ አድርጎ ያስረዳ ነበር። ወርቅ ሠሪ ወርቁን አቅልጦ ቅርጽ ያወጣለታል። ቀቢ ግን የሰው የናስ መስቀል፣ የመዳብ ዋንጫ ወይም የብር ሐብል ይቀበልና ወርቅ በሟሟበት ውሃ ውስጥ ነክሮ፣ በኤሌክትሪክ ኃይል ስስ የወርቅ ልብስ ያለብሰዋል። የሚሠራው ቀራንዮ ሰፈር፣ ከቤታችን ጓሮ ባለች አንዲት የቆርቆሮ ክፍል ውስጥ ነበር። ውስጧ መርዝ ስላለ እኛ ልጆቹም ሆንን እናታችን ከደጃፏ አናልፍም። ደጃፉ ላይ ቆሞ ማየት ግን ይፈቀዳል። እኔ ኬሚስትሪ የተማርኩት እዚያ ደጃፍ ላይ ነው፤ ዩኒቨርሲቲ የጨመረልኝ ስም ስሙን ነው።

ቅብ በአገራችን ብዙም ክብር የለውም። ሰው እውነተኛ ያልሆነ ነገር ሲያይ «ተወው፣ ቅብ ነው» ይላል። ስለዚህ አባቴ እናቴን ለማግባት ሽማግሌ በላከ ጊዜ አጎቷ «ልጁስ ጨዋ ነው፤ ቀለበቱ ቅብ ቢሆን ግን በምን እናውቃለን?» ብለው ሰዉን አሳቁት። ቀልድ ነበር። አባቴ ግን ቀልድ የማይገባው ቀን አለው። ወዳጁ የሆኑ አንድ አንጥረኛ ጠርቶ፣ ቀለበቱን በሽማግሌዎቹ ፊት በመፈተኛ ድንጋይ አስፈተነው። ጥፍጥፍ ወርቅ ሆኖ ተገኘ። አጎትየው ይቅርታ ጠየቁ፣ ሠርጉም ተደገሰ። እናቴ ያንን ታሪክ በተናገረች ቁጥር ቀለበቷን እያዟዟረች ትስቅ ነበር።

እንግዲህ ያ ቀለበት ነው የሟሟው።

ያኔ እኔ ሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ነበርኩ። ቤታችን ሁለት ሃይማኖት ነበረው፤ አባቴ ኦርቶዶክስ፣ እናቴ ጴንጤ ናት። እሱ ሲጾም የጾም ወጡን የምትሠራለት እሷ ነበረች፤ እሷ ለጸሎት ስታመሽ በር የሚከፍትላት ደግሞ እሱ። አንድ ደብር ለንግሥ የሚወጣ ትልቅ መስቀል እንዲቀባ አመጣለት፣ እሱም ለበዓሉ አደርሳለሁ ብሎ ቃል ሰጠ። መስቀሉን አጽድቶ፣ ወልውሎ ሲጨርስ ለቅቡ ውሃ ውስጥ የሚሟሟው፣ ከውጭ የሚመጣው የወርቅ ጨው ከነጋዴው ዘንድ አለቀ። ቢለምን፣ ቢያስለምን አልተገኘም። በዓሉ ደርሷል። አባቴ ምሳው ቀርቦለት ሳይነካው ግድግዳውን ያይ ጀመር።

እናቴ ተነሥታ ባኞ ቤት ገባች። ጣቷን በሳሙና አርሳ ስትወጣ ቀለበቱ መዳፏ ላይ ነበር። ከሳህኑ አጠገብ አስቀመጠችለት።

«ይሄንን አሟሟው» አለችው።

«አብደሻል እንዴ አንቺ ሴትዮ?»

«ቃል ሰጥተሃል አይደል? ቃልህን ጠብቅ። ጌታ እንደሆነ እኔን በጣቴ አይደለም የሚያውቀኝ።»

ተከራከሩ። እናቴን ተከራክሮ ያሸነፈ ሰው እስካሁን አላየሁም። አባቴ ቀለበቱን በሽቦ አንጠልጥሎ ከወርቁ ውሃ በአንድ በኩል፣ መስቀሉን በሌላ በኩል ከተተና ኤሌክትሪኩን ለቀቀው። በአንድ በኩል የሟሟው ወርቅ ወደ ሌላው እየሄደ ይለጠፋል። ደጃፉ ላይ ቆሜ ቀለበቱ ሲሳሳ፣ ክር ሲያክል፣ ከዚያም በቃ ሲጠፋ አየሁ። አባቴ ጀርባውን ሰጥቶኝ ነበር፤ ሲጨርስም ቶሎ አልዞረም።

በንግሡ ቀን ሰልፉ በሰፈራችን ሲያልፍ እናቴ ከሱቅ ስትመለስ ሽንኩርቷን በፌስታል እንደያዘች መንገድ ዳር ቆመች። እኔም አብሬያት ነበርኩ። መስቀሉ በሰዉ እልልታ መሐል ፀሐይ ላይ ቦግ ብሎ ታየ። ወደ ጆሮዬ ጎንበስ አለችና «ያቺ ከላይ ያለችው ቀለበቴ ናት» ብላኝ በሳቅ ፈረሰች። ለዚያች ሳቅ ዛሬም ድረስ አመሰግናታለሁ፤ እሷ ባትስቅ ኖሮ እኔ አልቅሼ ነበር።

ከዚያ በኋላ ግን አንድ ልማድ ያዛት። ዕቃ ልታጥብ እጅጌዋን ስትሰበስብ የቀለበት ጣቷን እሽት ታደርጋለች። እኔ የሚያሳክካት ይመስለኝ ነበር። አባቴ ግን ያያት ነበር፤ ባየ ቁጥርም ወይ ይነሣል፣ ወይ ወሬ ይቀይራል። ቀለበቷን እተካለሁ ይላል፣ አንዱ ልጅ ትምህርት ቤት ይገባል፣ የቤቱ ጣራ ያፈሳል፣ እንዲህ እንዲህ እያለ ወርቅም በየዓመቱ ከእኛ እየራቀ ሄደ።

ከቅርብ ዓመታት ወዲህ አባቴን ሳል ያዘው። ሐኪሙ ሳንባውን አይቶ፣ ከዚያ ክፍል ጭስና እንፋሎት ካልራቅህ መድኃኒቱ ምንም አይሠራልህም አለው። እናቴ ሐኪሙ ተናግሮ ሳይጨርስ ነው የወሰነችው። ቤት እንደገባን የመሥሪያ ክፍሉን ቁልፍ ከኪሱ አውጥታ በክር አንገቷ ላይ አሠረችው።

«ከዛሬ ጀምሮ በዚህ ቤት ቀቢ የለም» አለች። «ጡረተኛ ነው ያለው።»

በማግስቱ አባቴ ለብቻዬ ጠራኝ። እኔ ያን ጊዜ የታሸገ ውሃ የሚያመርት ፋብሪካ ውስጥ በኬሚስትነት እሠራ ነበር። ጋቢውን ተከናንቦ ፀሐይ ላይ ተቀምጧል። «ክፍሉ መዘጋቱ አይደለም የሚቆጨኝ» አለኝ። «ሰው ያረጃል፣ ይዘጋል። የእናትሽን ቀለበት ሳልመልስ መዝጋቴ ነው። ለሰው ሁሉ ወርቅ ሳለብስ ኖሬ የእሷን ጣት ራቁቱን አስቀርቼ ልሞት ነው።» አባቴ ስለ ሞት ሲናገር የሰማሁት ያኔ ብቻ ነው። ተናደድኩበት። እኔ ሳዝን መጀመሪያ የሚመጣልኝ ንዴት ነው፣ ከእናቴ የወረስኩት ነው።

«እጣቢው የት አለ?» አልኩት በቁጣ።

«የምን እጣቢ?»

«ዕቃው ከወርቁ ውሃ ወጥቶ የሚታጠብበት!»

«በርሜሉ ውስጥ ነዋ። የት ይሄዳል?»

እዚህ ላይ የሰፈራችንን የቧንቧ ውሃ ጉዳይ ማንሣት አለብኝ። ውሃ የሚመጣው በፈረቃ ነው፤ እሱም ደስ ሲለው። ሌላ አገር ያለ ቀቢ የተቀባውን ዕቃ በሚወርድ ቧንቧ ሥር ያጥበዋል አሉ፤ ወርቁም ከእጣቢው ጋር ወደ ፍሳሽ ይሄዳል። አባቴ ግን የሚወርድ ቧንቧ ኖሮት አያውቅም። ስለዚህ እጣቢውን አይደፋም፤ በርሜል ውስጥ ያጠራቅመውና በዚያው ውሃ ደግሞ ደጋግሞ ያጥብበታል፣ ሲጎድል ይሞላበታል። ጨርሶ ሲቆሽሽ ብቻ መርዙን በበረኪና ገድሎ ያስወግዳል፤ ግን አባቴ ቆሽሿል ብሎ የሚያምነው ውሃ እምብዛም የለም። ከእያንዳንዱ ዕቃ ላይ ትንሽ ትንሽ ወርቅ እየታጠበ እነዚያ በርሜሎች ውስጥ ዓመታት ተቀምጧል። ዕድሜዬን ሙሉ ፈረቃውን ስረግም ኖሬ ያን ቀን መረቅኩት።

ከበርሜሉ በጠርሙስ ቀድቼ ላብራቶሪ ለምትሠራ የዩኒቨርሲቲ ጓደኛዬ ወሰድኩላት። በስልክ ስትደውልልኝ ድምጿ ከፍ ብሎ ነበር፦ «ይሄን ውሃ ከየት ነው ያመጣሽው? ማንም እንዳይደፋው!»

ወርቁ እንዳለ አወቅን። ማውጣቱ ቀረ። እኛ ፋብሪካ ውሃ የሚጣራበት ሬዚን የሚባል ነገር አለ፤ ጤፍ የሚያካክሉ፣ ቀላ ያሉ፣ ጥቃቅን የፕላስቲክ ፍሬዎች ናቸው። ሲያረጅ ይቀየርና አሮጌው በጆንያ ተሞልቶ ይጣላል። አለቃዬን ትንሽ ልውሰድ ብዬ ጠየቅኩት።

«ምን ልታደርጊበት ነው?»

«ለአባቴ ነው።»

ተጨማሪ ሳይጠይቀኝ «ውሰጂ፤ የፋብሪካው መኪናም ወደ ቀራንዮ ስለምትሄድ ታድርስልሽ» አለኝ። ደግ ሰው ብዙ አይጠይቅም። ስሙን እዚህ አልጽፍም እንጂ በጸሎቴ አልረሳውም።

አባቴ ሬዚኑን በመዳፉ ይዞ አላመነኝም። «ይሄ ነው ወርቅ የሚይዘው?»

«ልዋጭ ታውቃለህ አይደል?» አልኩት። ልዋጭ የምንላቸው በየሰፈሩ እየዞሩ አሮጌ ልብስና ጫማ ተቀብለው ሳፋ ወይም የላስቲክ ዕቃ የሚሰጡትን ነው። «እያንዳንዷ ፍሬ ልዋጭ ናት። ጨው ተሸክማ ትቆማለች። ወርቅ ያለበት ውሃ በአጠገቧ ሲያልፍ ጨዋን ትሰጥና ወርቁን ትቀበላለች። አንዴ ከያዘችው ደግሞ ብትለምናት አትለቅም፤ ማቃጠል ነው።»

አባቴ እስኪያስለው ሳቀ። «ጨው ሰጥታ ወርቅ የምትቀበል ልዋጭ! እንዲህ ያለችውን ነበር በወጣትነቴ ማግኘት።»

ከእናቴ ቁልፉን የተቀበልኩት መርዙን በአግባቡ ላስወግድ ብዬ ነው፤ ይሄም እውነት ነበር። ቀለበቱን ግን አባቴ እንዳልነግራት አስማለኝ። «ካልወጣ ሁለተኛ ባዶ እጄን አላሳያትም» አለኝ። ውስጧ የሚታይ የፕላስቲክ ቱቦ ግድግዳው ላይ አቁሜ፣ ሥሯን በናይለን ካልሲ ቋጥሬ፣ ሬዚኑን ሞላሁባት። እጣቢው ከላይ ይገባል፣ ከታች እንደ ግሉኮስ ጠብ ጠብ እያለ ይወጣል። የወጣውን ውሃ በበረኪና አክመዋለሁ። አባቴ ከደጃፉ ወዲያ፣ ነፋስ በሚነፍስበት በኩል፣ ዱካው ላይ ተቀምጦ «ፈጠነብሽ፣ ቀስ አድርጊው» ይለኛል። ድሮ እሱ ከውስጥ፣ እኔ ከደጃፍ ነበርን። ቦታ ተቀያየርን። ከሥራ እየመጣሁ አብሬው ያሳለፍኳቸው እነዚያ የክረምት አመሻሾች ወርቁ ባይወጣ እንኳ ይበቁኝ ነበር፤ ይሄን ለእሱ አልነገርኩትም፣ ቢሰማ ይኮራብኛል።

በርሜሎቹ ሲያልቁ ወርቅ የያዘውን ሬዚን ከቱቦዋ አውጥቼ፣ በንጹሕ ውሃ አጥቤ፣ ባልዲ ውስጥ ውሃ አልብሼ አስቀመጥኩት። የመሥሪያ ክፍሉ ጣራ ስለሚያፈስ ክዳን ደፍቼበት ከኩሽናው በር አጠገብ፣ በረንዳ ላይ አደረግኩት። ወደ አንጥረኛው ወዳጁ ወስደን ልናስቃጥለው የቀረን የአባቴ የሐኪም ቀጠሮ ማለፍ ብቻ ነበር። በቀጠሮው ቀን አባቴን ይዤ ሄድኩ፤ እናቴ ቤት ቀረች።

ስንመለስ ከአየር ጤና ታክሲ ይዘን፣ ከፌርማታው ቀስ እያልን በእግር መጣን። ክረምቱ እንዳጋጣሚ ደህና ፀሐይ አውጥቷል። የግቢውን በር ስከፍት እናቴ መሬት ተቀምጣለች። ከፊቷ ሰሌን ተዘርግቷል። ሰሌኑ ላይ፣ በስሱ፣ በጥንቃቄ ተበትኖ የተሰጣው የእኔ ሬዚን ነው። ለእንቁጣጣሽ የተገዛችው ዶሮ ጠርዙ ላይ ቆማ ታየዋለች።

«ማነው ጤፍ በባልዲ ዘፍዝፎ የሚሄደው?» አለችን፣ ሰላምታ እንኳ ሳታስቀድም። «ጌታ ነው ያሳየኝ። ፀሐይ ባይወጣ ኖሮ እኮ ሙልጭ አድርጎ ይሻግት ነበር!»

እናቴ ገጠር ነው ያደገችው። ዝናብ የነካው ጤፍ ፀሐይ ካላገኘ እንደሚበላሽ ከማንም በላይ ታውቃለች፤ ከዘመዶቿም አልፎ አልፎ ጤፍ ይመጣልናል። መነጽሯን ደግሞ የምታደርገው መጽሐፍ ቅዱስ ስታነብ ብቻ ነው። እንዲህ ብዬ አሁን አስረዳለሁ እንጂ ያኔስ ጮኽኩ።

«እማዬ! መርዝ ነው! ማን ንኪ አለሽ?»

«መርዝ ከሆነ ኩሽና በር ላይ ምን ይሠራል?»

 እውነቷን ሲሆን ደግሞ ይብስብኛል። «ጤፍ ነው ብለሽ ነው? እስቲ በደንብ እዪው!»

«እኔማ ዶሮዋ ቀምሳ ስትተፋው ነው ደህና ጤፍ አለመሆኑን የጠረጠርኩት።»

ሰማዩ ያን ጊዜ ነው የጠቆረው። የክረምት ፀሐይ አትታመንም የሚባለው ወዶ አይደለም። መጀመሪያ ንፋስ መጥቶ የሰሌኑን ጠርዝ ገለበጠው፣ ከዚያ ትልልቅ ጠብታ ወረደ። የደረቀ ሬዚን ድንገት ውሃ ሲነካው ይሰነጠቃል፤ ፍሬዎቹ እየተንጣጡ ሲሚንቶው ላይ ተበተኑና ከጎርፉ ጋር ወደ ግቢው ፍሳሽ ቀዳዳ መንሸራተት ጀመሩ። አባቴ ጋቢውን ጥሎ ተንበረከከ። በሁለት እጁ ሊያግድ ሲሞክር በጣቶቹ መሐል ያመልጡታል፣ ሳሉ መጣበት። እናቴ አልገባትም። «ምን ሆንክ ሰውዬ? ተወው፣ ይሄ የተበላሸ ነገር...» እያለች ክንዱን ይዛ ልታነሣው ትታገላለች።

«ቀለበትሽ ነው!» ብዬ ጮኽኩ። «እማዬ፣ ቀለበትሽ ነው የሚሄደው!»

ምኑን ከምን እንዳገናኘችው አላውቅም። ምናልባት የአባቴን ፊት አይታ ይሆናል። ክንዱን ለቀቀች፣ ነጠላዋን ከትከሻዋ ገፈፈችና ሮጣ የፍሳሹን ቀዳዳ ጠቀጠቀችው። ከዚያ እዚያው ላይ ቁጭ አለች። ውሃው በዙሪያዋ ተጠራቀመ፣ ፍሬዎቹ ከነጠላዋና ከቀሚሷ ጋር ተጣበቁ፣ እሷ ግን ዝናቡ እስኪያባራ ንቅንቅ አላለችም። እኔና አባቴ በመጥረጊያና በሳህን የቻልነውን ሰበሰብን።

ሁላችንንም በሳሙና ደጋግሜ አጠብኩ። ልብስ ቀይረን፣ ኩሽና ውስጥ ከሰል አጠገብ ተቀምጠን ሻይ ስንጠጣ እናቴ አባቴን አየችው።

«ይሄን ሁሉ ዓመት እሱን ይዘህ ነው የምትዞረው?»

«አንቺስ ጣትሽን ስታሺ የማላይ ይመስልሻል?»

ጣቷን አየችው። «ዕቃ ላጥብ ስል ቀለበቴን ላወልቅ እጄ ይሄዳል። ልማድ ነው። የማዝን መስሎህ ነው?» አለችና ሻይዋን ፉት አለች። ቆየት ብላ ደግሞ፣ ዝቅ ባለ ድምጽ፣ «ትንሽማ አዝኜ ነበር» አለች። «ቸርች ያሉት ሴቶች ለጌታ ብዬ ያወለቅኩት መስሏቸው ሲያመሰግኑኝ ዝም አልኳቸው። ለኦርቶዶክስ መስቀል ነው ብላቸው ማን ያምነኛል?»

አባቴ ሳቀ፣ ከዚያም አለቀሰ። እሷ አልነካችውም፤ ሻይ ቀዳችለት። ቀለበቱ ከሟሟ ወዲህ አባቴና እናቴ ስለ እሱ ሲያወሩ ስሰማ ያን ቀን የመጀመሪያዬ ነበር። ባልዲውን ኩሽና በር ላይ በማስቀመጤ አሁን አላዝንም።

አየር ጤና ያሉት አንጥረኛ ጭሱ በጭስ ማውጫ የሚወጣለት ጥሩ ምድጃ አላቸው። ከሠርጉ በፊት ቀለበቱን በሽማግሌዎች ፊት የፈተኑት እሳቸው ናቸው፤ አርጅተዋል፣ ግን እጃቸው ይሠራል። የተረፈውን ሬዚን ወሰድንላቸው። ለማቃጠል መድረቁ ስለማይቀር ፀሐዩ አልጎዳውም፤ የጎዳን ጎርፉ ነው። ፍሬዎቹ ከነጠላው ድር አልለቅ ስላሉ ነጠላውንም አብረን ሰጠናቸው። «ቀለበት ላገኝ ነጠላዬን» አለች እናቴ፣ ስትጠቀለል እያየች። አቃጠሉት፣ አመዱን ወርቁን ከቆሻሻው ከሚለየው ቦራክስ ጋር አቀለጡት፤ ሲቀዘቅዝ ከሥሩ ከጥፍሬ ያነሰች ድብልብል ወርቅ ወጣች። ድንጋያቸው ላይ አሰመሩና በአሲድ ፈተኗት።

«እንደ ያኔው ሽማግሌ ልጥራልህ ወይስ ታምነኛለህ?» አሉት አባቴን።

አባቴ በመዳፉ ይዟት ነበር።

እናቴ ጣቷን አስለካች። መገጣጠሚያው በዕቃና በልብስ እጥበት አብጦ የድሮው ልክ እንኳ አያልፈውም። አንጥረኛው ወርቋን መዘኑና ራሳቸውን ነቀነቁ። «ለዚህ ጣት ከዚህች የሚወጣው ክር የመሰለ ነው» አሉ። «ይወጣል፣ ግን በሥራ ላይ አይቆይም፤ ይበጠሳል።»

የአባቴን ትከሻ ሲወድቅ አየሁት። «ትቀመጥ» አለ። «እጨምርባታለሁ።» በምን እንደሚጨምርባት ሁላችንም አላወቅንም። ክፍሉ ተዘግቷል፣ በርሜሎቹም ባዶ ናቸው።

«አይሆንም» አለች እናቴ። ወደ አንጥረኛው ዞረች። «የብር ቀለበት ይሥሩልኝ። ወፍራም ይሁን፣ ጣቴን የሚበቃ።» ከዚያ ወደ አባቴ። «አንተ ደግሞ ትቀባልኛለህ።»

አባቴ ሰው የሰደበው ይመስል ቀና አለ። «ቅብ? ለአንቺ ቅብ ላደርግልሽ?»

«ምን አለበት?»

«ያኔ አጎትሽ...»

«ያኔ ያስፈተንከው ለአጎቴ ነው። እኔ መቼ ፈትንልኝ አልኩህ?» አለችው። «ለስንቱ ሙሽራ፣ ለስንቱ ደብር፣ ለስንቱ የኳስ ዋንጫ ቀብተሃል። እስቲ ንገረኝ፣ ለእኔ አንድ ቀን ቀብተህልኝ ታውቃለህ?»

አባቴ ወርቋን ኪሱ ከተታት። አንጥረኛው አቀርቅረው መዶሻቸውን መፈለግ ጀመሩ፤ መዶሻው እጃቸው ላይ ነበር።

የብሩ ቀለበት በደረሰ ቀን እናቴ ከአንገቷ ክሩን ፈታች፣ ቁልፉንም ሰጠችው። «ዛሬ ብቻ» አለችው። «ማስክ ታደርጋለህ፣ በሩም መስኮቱም ይከፈታል። ካሳለህ በጆሮህ ነው ጎትቼ የማወጣህ።» የወርቁ ውሃ ከመጨረሻው ሥራ የተረፈ ነበር፣ ገና አላስወገድኩትም። አባቴ ድብልብሏን ወርቅ በሽቦ አንጠልጥሎ በአንድ በኩል፣ ቀለበቱን በሌላ በኩል ከተተ።  እናቴ ደጃፉ ላይ፣ ድሮ እኔ የምቆምበት ቦታ ቆማ፣ መነጽሯን አድርጋ ታያለች። ብሩ ቀስ እያለ ቢጫ ሲሆን «ውይ» አለች እንደ ልጅ። ባሏ ሲቀባ ስታይ የመጀመሪያዋ አልነበረም፤ የእሷን ሲቀባ ግን የመጀመሪያው ነበር።

ያን ቀን ፈረቃችን አልነበረም፣ ቧንቧው ደርቋል። ከጀሪካን እየቀዳን አጠብነው። የመጨረሻውን እጣቢ፣ ከጆንያው የተረፈ ሬዚን ሞልቼ፣ እንደ ልማዴ በልዋጯ ቱቦ አሳለፍኩት። አባቴ ቀለበቱን በጨርቅ ወልውሎ፣ ማስኩን አውልቆ፣ ወደ ደጃፉ መጣና ጣቷ ላይ አጠለቀላት። መገጣጠሚያውን ትንሽ ታግሎ አለፈ። ከዚያ ቁልፉን ራሱ መልሶ አንገቷ ላይ አሠረላት።

አሁን ክፍሏ የከሰል ማስቀመጫ ሆናለች። አባቴ ሳሉ ቀለል ብሎለት ግቢው ውስጥ ጎመን ይተክላል፤ ስላለ፣ ጠዋት ጠዋት ድምጹን ስለምሰማ እግዚአብሔር ይመስገን። ቅብ ግን ቅብ ነው፣ በሥራ ያልቃል። ባለፈው እሑድ ምሳ ላይ ሳህን ስትዘረጋልን የእናቴ ቀለበት በመዳፏ በኩል ነጥቶ አየሁት፤ ወርቁ ተልጦ ብሩ ወጥቷል። ከድብልብሏ ጥቂት ስለተረፈች ሌላ ቀቢ ጋ ወስጄ ላስደግመው አልኳት።

«ሌላ ቀቢ አይነካውም» አለችኝ።

«ወርቁ እኮ እየሄደ ነው፣ እማዬ።»

«የት ይሄዳል? ሳቦካ፣ ሳማስል፣ ስቆራርስ እኮ ነው ያለቀው። ሽሮ ውስጥ ገብቶ እናንተው በልታችሁታላ!»

አባቴ ጉርሻው አፉ ላይ እንዳለ ሳቀ፣ ሳቁም ሳል ሆነበት። እናቴ ተነሥታ ውሃ አመጣችለትና ብርጭቆውን ራሷ ይዛ አጠጣችው።